ለድራይቨር ጸሐፊዎች ጥቆማ፦ ኢንተራፕት ሃንድለር ውስጥ ከፔጅ ፎልት ለመዳን የቱ ይሻላል?

ኢንተራፕት ሃንድለር (ዲቫይስ ሲፒዩውን ሲያቋርጥ ወዲያው የሚሮጠው ኮድ) መተኛት፣ ማለትም ቆሞ መጠበቅ፣ አይፈቀድለትም። ፔጅ ፎልት (የተፈለገው የሜሞሪ ገጽ ራም ላይ ሲታጣ የሚፈጠረው) ደግሞ ገጹ ከዲስክ እስኪመጣ ሊያስጠብቅ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ግማሹ ጣጣ ቀሎላችኋል። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የራሱን ሜሞሪ ወደ ስዋፕ፣ ማለትም ወደ ዲስክ፣ አይልክም፤ በኬማሎክ (የከርነል ሜሞሪ መጠየቂያ) የወሰዳችሁት ራም ላይ ይቆያል። አደጋው የዩዘር ሜሞሪ፣ ማለትም የተራ ፕሮግራሞች ሜሞሪ፣ ነው። ኢንተራፕቱ ሲመጣ ሲፒዩው ላይ የነበረው ፕሮሰስ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ያኔ ፎልት ባይፈጠር እንኳ የሌላ ፕሮሰስ ዳታ አንብባችሁ ቁጭ ትላላችሁ።

የኔ አንደኛ ምርጫ ቀላሉ ነው። ፕሮግራሙ ድራይቨሩን ለማዘዝ ራይት ወይም አይኦክትል ሲጠራ፣ እዚያው ዳታውን በኮፒ ፍሮም ዩዘር ወደ ከርነል በፈር አስገቡት። ሃንድለሩ ከበፈሩ ውጪ ምንም አይንካ። ዳታው ትልቅ ሆኖ ዲቫይሱ በዲኤምኤ (ሲፒዩው ሳይገባበት ከራም በቀጥታ) የሚያነበው ከሆነ ግን ኮፒው ይከብዳል። ለዚያ የፕሮግራሙን ገጾች ራም ላይ የሚያስረው ፒን ዩዘር ፔጅስ ይሻላል፤ ከሊኑክስ 5.6 ጀምሮ አለ። ስትጨርሱ አንፒን ማድረግ እንዳትረሱ፣ አለበለዚያ ራሙ ታስሮ ይቀራል።

ትሬድድ አይአርኪውን (የኢንተራፕቱን ሥራ ለተለየ ትሬድ የሚያስተላልፈውን ዘዴ) ብዙ ሰው ያሞግሰዋል። እውነትም መተኛት ይችላል። ግን ከርነል ትሬድ ስለሆነ የፕሮግራማችሁን አድራሻ አያውቀውም፤ የዩዘር ፖይንተር ብትሰጡት ዋጋ የለውም። ለኬማሎክ የሚሰጠው ጂኤፍፒ አቶሚክስ? ሳይተኛ ሜሞሪ ይጠይቃል፣ ራም ሲጠብ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። የተመለሰው ናል (ባዶ አድራሻ) መሆን አለመሆኑን ሳታዩ እንዳትቀጥሉ።

ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ የከርነል ሜሞሪም ወደ ዲስክ ሊወጣ ይችላል። ሃንድለሩ የሚነካው ሁሉ ኖንፔጅድ ፑል (ከራም የማይወጣው የከርነል ሜሞሪ) ውስጥ ይሁን። ወደ ዲስክ ሊወጣ በሚችለው በፔጅድ ፑል የተጻፈ ድራይቨር ራም በተትረፈረፈበት ማሽን ላይ ሰላም ይሠራል፤ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ብሉ ስክሪን።

ለመፈተሽ ሊኑክስ ላይ ዲበግ አቶሚክ ስሊፕ የሚባለውን የከርነል መፈተሻ አብሩ። ኮፒ ፍሮም ዩዘርን ያለ ቦታው ከጠራችሁ፣ ገጹ ራም ላይ ቢኖርም ዲሜሴጅ (የከርነሉ ሎግ) ላይ ይጮህባችኋል። ዊንዶውስ ላይ ግን የራሱን የድራይቨር መፈተሻ፣ ድራይቨር ቬሪፋየርን፣ የሚያህል የለም። አይአርኪውኤል (ሲፒዩው ያለበት የኢንተራፕት ቅድሚያ ደረጃ) ከፍ ባለ ቁጥር የድራይቨሩን ፔጀብል ሜሞሪ ሆን ብሎ ከራም ያስወጣዋል፣ ስህተቱም እዚያው ይጋለጣል። በሥራ ማሽናችሁ ሳይሆን በቨርችዋል ማሽን አብሩት። ቡት ሲያደርግ እየወደቀ ካስቸገረ በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ቬሪፋየርን ሪሴት አድርጉት።