ከነዚህ «ዛሬ ማታ የት እንሂድ» ከሚሉ ፔጆች ጀርባ ያሉት እነማን ናቸው?

ሚጡ_22
ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ የት ይበላል፣ ምን ኮንሰርት አለ፣ የት ይዝናናል የሚል ሚዲያ ያላቸው ልጆች ለኢንተርቪው ጠርተውኛል። ቴሌግራምም ቲክቶክም ላይ አሉ፣ ቦታው «ኮንተንት ክሪኤተር» ይላል፣ ግን ቁጭ ብዬ ምን እንደምሠራ አልገባኝም። ቪዲዮው ላይ የምናየው አንዲት ቆንጆ ልጅ ማኪያቶ ይዛ ስትስቅ ነው፣ ከሷ ጀርባ ማን አለ? ብሩስ ከየት ነው የሚመጣው? እናቴ «ምግብ እየበላሽ ደሞዝ የሚከፍሉሽ ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው?» ብላ አፍጥጣብኛለች፣ የምመልሰው አጣሁ 😅 የሠራ ሰው ካለ እስቲ

የድሮ ሠራተኛ
እኔ እንደዛ ዓይነት ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስሙን ተዪው። አምስት ነበርን። አንዷ ፊቷ የሚታየው፣ አንዱ ቪዲዮ ቀራጭና ኤዲተር፣ ሁለቱ ሴልስ ናቸው ሆቴል ለሆቴል ካፌ ለካፌ የሚዞሩ፣ እኔ ደግሞ ሊስቲንግ። ሊስቲንግ ማለት ጠዋት ገብተሽ ስልክ ትይዣለሽ፣ ጎተ (የጀርመን ባህል ማዕከሉ) ዛሬ ፊልም አለ ወይ፣ አሊያንስ (የፈረንሳዩ) ኤግዚቢሽኑ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ መግቢያው በነፃ ነው በክፍያ፣ ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ እየደወልሽ ማጣራት ነው። ማንም አያይሽም፣ ስትሳሳቺ ግን ከተማው ሁሉ ያይሻል።

አንዴ አዘጋጁ በእንግሊዝኛ «7:00» ብሎ ላከልኝ፣ እኔ ደግሞ ቸኩዬ በአማርኛው ፖስት ላይ «ከ7 ሰዓት ጀምሮ» አልኩ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሄደ!! ዘግይቶ ሲነገረኝ ሮጬ ሄድኩ፣ አንዲት ልጅ ተረከዙ ረጅም ጫማዋን አውልቃ የዘበኛው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጓደኛዋ ከዘበኛው ጋር ይጨቃጨቃል፣ ዘበኛው «ማታ 1 ሰዓት ነው እኮ የኔ ጌታ፣ እኔ ምን ላድርግ» ይላል። ከዛን ቀን በኋላ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚለውን ሳልጽፍ አንድ ሰዓት ለቅቄ አላውቅም። አለቃዬ ግን ከደሞዜ ቆረጠ፣ ቪዲዮ ላይ የምትታየዋ ደግሞ የኔን ሦስት እጥፍ ነበር የምታገኘው። ቂም አይደለም ብቻ እወቂው ብዬ ነው

ለንደን_ከ98 ጀምሮ
የደሞዝ ነገር ካነሳህ አይቀር፣ የዚህ ሥራ አባት የሚባለው ታይም አውት የሚሉት የለንደን መጽሔት በዚሁ ጉዳይ ነው ለሁለት የተሰነጠቀው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ቶኒ ኤሊየት የሚባል የኪል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1968 አክስቱ ለልደቱ በሰጠችው 70 ፓውንድ ጀመረው፣ እናቱ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው መጀመሪያ የተዘጋጀው (ሚጡ ይሄን ለእናትሽ ንገሪያት 😄)። ያኔ ለንደን ውስጥ የት ሙዚቃ አለ፣ የት ሰልፍ አለ፣ የት ፊልም አለ የሚለውን በደንብ አንድ ላይ የሚያወጣ ነገር አልነበረምና ተሸጠ።

ለብዙ ዓመት እዛ ቤት ጋዜጠኛም ሆነ ስልክ የሚያነሳው እኩል ነበር የሚከፈለው። ኤሊየት ይሄ ይቅር ሲል በ1981 ሠራተኛው አድማ መታ፣ ብዙዎቹ ወጥተው ሲቲ ሊሚትስ የሚባል የራሳቸውን መጽሔት በማኅበር አቋቋሙ። እሱም እስከ 1993 ቆየ፣ ከዚያ ተዘጋ። ኤሊየት ቀጠለ፣ ኒውዮርክ በ1995 ከፈተ፣ በ2010 ግማሹን ለኢንቨስተር ሸጠ። እኔ በደንብ የማስታውሰው መጽሔቱ በ2012 በነፃ ሲሆን ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ያድሉት ነበር፣ ሥራ ስገባ አንዱን በብብቴ ሸጎጥ አድርጌ። ሰውየው በ2020 አረፈ፣ የለንደኑ ወረቀት ደግሞ በ2022 ቆመ።

አሁን ብሩ ከየት ይመጣል መሰላችሁ? ከምግብ። በ2014 ሊዝበን ላይ የድሮውን ገበያ አዳራሽ ይዘው፣ መጽሔቱ ሲጽፍላቸው የነበሩትን ሼፎች አንድ ጣሪያ ስር ሰብስበው ከሽያጩ ድርሻ መውሰድ ጀመሩ። ዛሬ ከመጽሔቱ ይልቅ ገበያው ነው ቤቱን የሚያኖረው። ገምጋሚው አከራይ ሆነ ማለት ነው፣ እኔ ለምን እንደሆነ እንጃ ይሄ ነገር ትንሽ ይከነክነኛል

አቦ_ሽሮ
ምን ይከነክንሃል፣ እዚህ እኮ ገና ገበያ ሳይከፍቱ ነው የተሸጡት 😂 ባለቤቱ በነፃ ያበላቸዋል፣ ብር ይጨምርበታል፣ ከዛ «በአዲስ አበባ ምርጡ ሽሮ»። በሳምንቱ ሌላ ቤት «በአዲስ አበባ ምርጡ ሽሮ»። ስንት ምርጥ አለ ወገን? ማስታወቂያ ነው ብለው ቢጽፉበት እኮ ማንም አይጣላቸውም፣ መብላቱን እንበላለን

የድሮ ሠራተኛ
@አቦ_ሽሮ እውነትህን ነው፣ ሴልሶቹ ኮሚሽን ነው የሚበሉት፣ ስለዚህ «ሽሮው ውሃ ውሃ ይላል» ብለህ ብትጽፍ ከነሱ ነው የምትጣላው። ግን ያልተከፈለበትም ሥራ አለ። ጣይቱ ሆቴል በኛ 2007 ጥር ሲቃጠል እዛው የነበረው የጃዝ ቤት ጃዛምባም አብሮ ነደደ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ የባህል ሙዚቃ ቤቱ ፈንዲቃ ከቦታው ሄደ። የት ምን ነበር፣ ማን የትኛው ቀን ይጫወት ነበር የሚለው ተመዝግቦ የሚገኘው እነዚህ ሰው የማያያቸው ሊስቲንጎች ላይ ነው። ሚጡ ኢንተርቪው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፣ ሊስቲንጉን የሚያጣራው ማነው? የተከፈለበትን ፖስት ተከፍሎበታል ብላችሁ ትጽፋላችሁ? የመጀመሪያውን «ሁላችንም» ካሉሽ ማንም አያጣራም ማለት ነው፣ ወይም አንቺ ነሽ

ሚጡ_22
እናንተ ልጆች ኑሩልኝ። ለእናቴ የኩሽናውን ነገር ነገርኳት፣ «እኔ ኩሽና እንዳታስቢው» አለችኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሜሴጁ ላይ «ሐሙስ በ10» ነው የሚለው፣ በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት። ጠዋት 4 ነው ወይስ ከሰዓት 10?

የድሮ ሠራተኛ
😂😂😂 ደውዪላቸው በናትሽ

ሚጡ_22
ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «ቆይ ልጠይቅልሽ» ብላ ዘጋችው