በጦርነት በተጎዳች ከተማ ውኃ፣ ፍሳሽና ማሞቂያ በምን ቅደም ተከተል ይጠገናሉ? (የሳራዬቮ ተሞክሮ)

ጥያቄ፦ ከድኅረ ምረቃ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። በውኃ አቅርቦት ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ ሲሆን፣ ለአንድ ኮርስ የማዘጋጀው ጽሑፍ በጦርነት የተጎዱ ከተሞች የውኃ፣ የፍሳሽና የማሞቂያ አገልግሎቶቻቸውን እንዴት መልሰው እንደሚያቆሙ የሚመለከት ነው። ለአብነት የያዝኩት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1992 እስከ ፌብሩዋሪ 1996 ድረስ ተከብባ የቆየችውን የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮን ነው። የመረጥኳትም ሦስቱም አገልግሎቶች በአንድ ጊዜ የተጎዱባት ከመሆኗ በላይ፣ የጥገናው ሥራ ጦርነቱ ሳያበቃ የተጀመረባት ከተማ ስለሆነች ነው።

እስካሁን በያዝኩት ረቂቅ ውኃን አንደኛ፣ ማሞቂያን ሁለተኛ፣ ፍሳሽን ሦስተኛ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ሰው ያለ ውኃ ጥቂት ቀን እንኳ አይቆይም፤ ብርዱም ይገድላል፤ ፍሳሽ ግን ቢያስቸግርም ሊታገሥ የሚችል ነገር መስሎ ታይቶኛል። በዚህ ሥራ ላይ የቆያችሁ ባለሙያዎች ይህ ቅደም ተከተል ያስኬድ እንደሆነ፣ እንዲሁም አንድ መሐንዲስ እንዲህ ባለች ከተማ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅድሚያ ምን መመልከት እንዳለበት ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከከተማ ውኃ አገልግሎት መሐንዲስ

ከሦስቱም የሚቀድም፣ በዝርዝርዎ ውስጥ ያልገባ አራተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ኤሌክትሪክ ነው። የሳራዬቮ ዋናው የውኃ ምንጭ በኢግማን ተራራ ግርጌ፣ በኢሊጃ አካባቢ የሚገኘው የባቼቮ የጉድጓድ መስክ ሲሆን፣ በከበባው ዘመን አካባቢው ከተማዪቱን በከበቡት የቦስኒያ ሰርብ ኃይሎች እጅ ነበር። ከዚያ የሚወጣው ውኃ ወደ ከተማዪቱ የሚደርሰው በፓምፕ ስለሆነ፣ ጉድጓዶቹ ምንም ሳይነኩ የኤሌክትሪክ መስመሩ ብቻ ቢቆረጥ ለነዋሪው የሚተርፈው ያው ደረቅ ቧንቧ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ብሆን የምጠይቀው «የትኛው ቧንቧ ተመታ?» ብዬ ሳይሆን፣ «የትኛው ፓምፕ ከየትኛው መስመር ኃይል ያገኛል? መስመሩስ በማን ቁጥጥር ሥር ያልፋል?» ብዬ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ግፊት ነው። ውኃ በፈረቃ ሲለቀቅ፣ በተቋረጠበት ሰዓት በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ከውጭው አየር ግፊት በታች ይወርድና ቧንቧው በስንጥቆቹ በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። በከባድ መሣሪያ በተደበደበ መንገድ ሥር የውኃውና የፍሳሹ መስመር ጎን ለጎን ተሰንጥቀው ከሆነ፣ የሚሳበው ፍሳሹ ነው። በዚህም ምክንያት ጥገናው መላውን ከተማ በአንድ ጊዜ ለማዳረስ ከመጣጣር ይልቅ፣ ቫልቮችን ዘግቶ ከተማውን በቀጠና መከፋፈልና አንዱን ቀጠና ሙሉ ግፊት ሰጥቶ ከጨረሱ በኋላ ወደ ቀጣዩ መሻገር ይኖርበታል። ውኃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ ላይ የሚቀረው ነፃ ክሎሪንም በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም እንዳይጎድል በየዕለቱ መለካት አለበት። የቫልቮቹ ካርታ ተቃጥሎ ወይም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ቦታቸውን በቃሉ የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ ፈልጎ ማግኘት፣ ከውጭ ከሚመጣ ብዙ አማካሪ የበለጠ ይጠቅማል።

በመስመር የሚመጣው ውኃ እስኪመለስ ድረስ የሚተከሉት ቦኖዎችና ቦቴዎች የሚቆሙበት ቦታም የምህንድስና ጥያቄ መሆኑን አይርሱ። በሳራዬቮ ሕዝቡ በቢስትሪክ ሰፈር ካለው የቢራ ፋብሪካ ምንጭ በጀሪካን ይቀዳ ነበር፤ በጃንዋሪ 1993 እዚያው የተሰለፉ ሰዎች በሞርታር ተገድለዋል። በዚያው ዓመት ጁላይ ደግሞ በዶብሪንያ ሰፈር ውኃ ለመቅዳት ወረፋ ከያዙት መካከል ከ10 በላይ ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተዋል። ለአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር የሚለው ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያ መጠኑን ይነግረናል፤ ወረፋውን ማሳጠርና ቦኖዎቹን በግድግዳ ተከልለው ተበታትነው እንዲቆሙ ማድረግ ግን ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።

መልስ፦ በጀርመን የማዕከላዊ ማሞቂያ ቴክኒሻን

ስለ ማሞቂያው ልጨምር፤ በአገራችን ከተሞች የሌለ አገልግሎት በመሆኑ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል። ማዕከላዊ ማሞቂያ ማለት ቦይለር ያሞቀው ውኃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደ ሕንፃዎች ሄዶ፣ ራዲያተሮቹን አሙቆ፣ ቀዝቅዞ የሚመለስበት ዝግ ዑደት ነው። እንግዲህ ማሞቂያው ራሱ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃውን ለማዞር ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በረቂቅዎ ውኃና ማሞቂያ ሁለት የተለያዩ ረድፎች ሆነው ተቀምጠዋል፤ በመስኩ ላይ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይነሣም።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ዝውውሩ በብርድ ወራት ድንገት ሲቆም ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በመስመሩ የቀረው ውኃ ቧንቧውንና ራዲያተሩን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ኃይሉ ቶሎ የማይመለስ ከሆነ፣ ኃላፊው በሰዓታት ውስጥ ሕንፃዎቹን ከውኃ ባዶ ለማድረግ መወሰን አለበት፤ ይህም ከባድ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም መልሶ ለመሙላት ጨዋማነቱና ካልሲየሙ የተቀነሰ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፣ አየሩንም ከየራዲያተሩ ማስወጣት ቀናት ይፈጃል። በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ በምሥራቅ ዩክሬን በአቭዲይቭካ ከተማ የሆነውን ይመልከቱ፤ የከተማዋ ሙቀት የሚመጣው የድንጋይ ከሰልን ወደ ኮክ ማገዶ ከሚለውጠው ፋብሪካ ነበርና፣ በድብደባው የኤሌክትሪክ መስመሮች ሲበጠሱ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ውስጥ የመላ ከተማዋ ማሞቂያ አደጋ ላይ ወደቀ።

ወደ ሳራዬቮ ስንመለስ፣ ከተማዋ ከ1984 የክረምት ኦሎምፒክ በፊት የከሰል ጭስን ለመቀነስ ወደ ጋዝ የተሸጋገረች ስትሆን፣ በየሰፈሩ የተበተኑ ብዙ አነስተኛ የቦይለር ቤቶች አሏት። መበታተናቸው በጦርነት ጊዜ ይጠቅማል፤ አንዱ ቢመታ ሌላው ይሠራልና። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚመገቡት ከሩሲያ ተነሥቶ በሰርቢያ አልፎ በሚመጣ አንድ የጋዝ መስመር ስለነበር፣ ያ መስመር ሲዘጋ የመበታተኑ ጥቅም ይቀር ነበር። ነዋሪው የመናፈሻ ዛፎችን፣ የቤት ዕቃንና መጻሕፍትን ሳይቀር ለማገዶ አነደደ። ጋዙ ሲመጣ ደግሞ በየቤቱ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ሳይቀር በራሱ መስመር እየቀጠለ ይስብ ነበር፤ በዚህ ምክንያት የደረሰው ፍንዳታና ቃጠሎ ቀላል አልነበረም። እኔ በበኩሌ በጽሑፍዎ ውስጥ ለዚህ ሰፊ ቦታ ብትሰጡት እመርጣለሁ፤ አገልግሎት ሲጠፋ ሰው እጁን አጣጥፎ ስለማይጠብቅ፣ ጥገና የሚያደርግ መሐንዲስ የሚገጥመው የተበላሸ መስመር ብቻ አይደለም፤ ነዋሪው በራሱ የዘረጋው አደገኛ መስመርም አለ። የቦስኒያን ጦርነት ካቆመው የዴይተን ስምምነት በኋላ በ1996 የዓለም ባንክ የማሞቂያውን ጥገና በአስቸኳይ ፕሮጀክት መልክ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች መካከል ያደረገውም ቀጣዩ የብርድ ወቅት ቀን ስለማይሰጥ ነበር።

መልስ፦ ከአካባቢ ጤና ባለሙያ

ፍሳሽን በመጨረሻ ማስቀመጥዎን አልስማማበትም። ለአንድ ሰፈር ሙሉ ውኃ በለቀቁ ቀን፣ ያ ውኃ በሰዓታት ውስጥ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። የታችኛው መስመር ተደርምሶ ወይም በፍርስራሽ ተደፍኖ ከሆነ በየምድር ቤቱ ይገነፍላል፤ ከዚያም የመጀመሪያው መላሽ እንዳሉት ግፊቱ በወደቀ ሰዓት ተመልሶ ወደ መጠጥ ውኃው ይገባል። እኔ የምመክረው የውኃ ቀጠና ከመከፈቱ በፊት የዚያው ቀጠና ፍሳሽ መስመር ቢያንስ መፍሰሱ እንዲረጋገጥ ነው።

ሆኖም ፍሳሽን ማስወገድና ፍሳሽን ማጣራት መለየት አለባቸው። ለኦሎምፒኩ የተሠራው የሳራዬቮ የቡቲላ ማጣሪያ ጣቢያ በጦርነቱ ሥራ ካቆመ በኋላ መልሶ እስኪከፈት ከ20 ዓመት በላይ ወስዷል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የከተማዪቱ ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ይገባ ነበር። ለጋሾች በውኃና በሙቀት ላይ ሲሽቀዳደሙ ማጣሪያ ጣቢያ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከታች በኩል ባሉ ከተሞች ነውና። መስመሩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጣቢያው በኋላ ብትሉ ግን አልቃወምም።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ላክል፦ በ1993 ወደ ከተማዪቱ የገባው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድ ኪዩኒ ባለሀብቱ ጆርጅ ሶሮስ ከሰጠው ገንዘብ በተገኘ ድጋፍ፣ በጭነት አውሮፕላን እንዲገቡ ተደርገው የተሠሩ የውኃ ማጣሪያ ክፍሎችን አስመጥቶ ከድብደባ እንዲጠበቁ በመንገድ ዋሻ ውስጥ መትከሉን አንብቤያለሁ። ጥሬ ውኃው የሚቀዳው ከሚልያትስካ ወንዝ ነበር። የከተማዪቱ ባለሥልጣናት ግን የጥራቱን ጉዳይ አንሥተው ፈቃዱን ለወራት አዘግይተዋል። ባለሥልጣናቱ ትክክል ነበሩ ትላላችሁ?

መልስ፦ ከከተማ ውኃ አገልግሎት መሐንዲስ

እኔ ትክክል አልነበሩም ባይ ነኝ። የውኃው ጥራት ሊመዘን የሚገባው በሰላም ጊዜ ከነበረው የቧንቧ ውኃ ጋር ሳይሆን፣ ሰው በዚያን ሰዓት ሊያገኘው ከሚችለው ጋር ነው። ውኃ ለመቅዳት የሚሰለፍ ሰው በተኳሽ ዒላማ ውስጥ ቆሞ፣ «ክሎሪኑ ይስተካከል» ብሎ ወራትን መጠበቅ የሚያስኬድ ውሳኔ አይመስለኝም። የኪዩኒ ዕቅድ የሚያስደንቀኝ ግን ማሽኖቹ ሳይሆኑ ዋሻው ነው፤ መሣሪያ ከመምረጡ በፊት የማይመታ ቦታ መርጧል።

መልስ፦ ከአካባቢ ጤና ባለሙያ

ወንድሜ፣ በዚህስ ከእርስዎ እለያለሁ። ማጣሪያውን ለዘለቄታው የሚያስተዳድረው፣ ሕመም ቢከተልም የሚጠየቀው የከተማው ተቋም ነው። የመጣው ሰው ሲሄድ ተቋሙ ይቀራል፤ ስለዚህ የጥራት ምርመራውን እንደ እንቅፋት ብቻ ማየት አይገባም። ጥፋቱ ያለው የምርመራው መመዘኛ አስቀድሞ በጋራ አለመጻፉ ላይ ነው። ተማሪያችን ይህን በስምምነት ሰነድ ውስጥ መግባት ካለባቸው ነጥቦች መካከል ሊያደርጉት ይችላሉ።

መልስ፦ ከቀድሞ የሰብዓዊ እርዳታ ሠራተኛ

ስለ ሠራተኞቹ ደኅንነት እስካሁን የተናገረ ስላልኖረ አጭር አስተያየት ልስጥ። በምሥራቅ ዩክሬን በዶኔትስክ ከተማ አቅራቢያ በሁለቱ ተፋላሚ ጦሮች መካከል የቀረው የዶኔትስክ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ፣ ከሁለቱም ወገን ለሚኖሩ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ውኃ ይሰጥ ነበር። በኤፕሪል 2018 ከሥራ ሲመለሱ በአውቶቡሳቸው ላይ በተተኮሰ ጥይት አምስት ሠራተኞች ቆስለዋል። በዚያ አካባቢ አንድ ፓምፕ ለመጠገን ከመፍቻው በፊት የሚያስፈልገው ሁለቱም አዛዦች የሚያውቁት የተኩስ ማቆሚያ ሰዓትና የሠራተኞቹ ዝርዝር ነበር። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 54 የመጠጥ ውኃ ተቋማትን ማጥቃት ይከለክላል፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በ2021 በውሳኔ 2573 ይህንኑ አጠናክሯል። ሕጉ ቢኖርም፣ ለጥገና ቡድኑ መንገድ የሚያስከፍተው በየዕለቱ የሚደረግ ድርድር ነው። በመርሐ ግብርዎ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቀን ካልመደቡ፣ ያስቀመጡት የጊዜ ሰሌዳ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ከጠያቂው

በእጅጉ ጠቅሞኛል። ሦስቱን በአንድ ሰልፍ ማስቀመጤን ትቼ፣ በየቀጠናው ኤሌክትሪክ፣ የውኃ ግፊትና የፍሳሽ መውጫ አብረው የሚታዩበት፣ ማሞቂያው ደግሞ ከብርድ ወራት ወደ ኋላ እየተቆጠረ የሚታቀድበት ሰንጠረዥ እሠራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጥገናው ተጠናቋል የሚባለው መቼ ነው?

መልስ፦ ከከተማ ውኃ አገልግሎት መሐንዲስ

ቧንቧው ውኃ ስላወረደ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ካበቃ ከ20 ዓመት በኋላም በሳራዬቮ ብዙ ሰፈሮች ሌሊት ሌሊት ውኃ ይቋረጥባቸው ነበር፤ ዋናው ምክንያትም ወደ መረቡ የሚገባው ውኃ አብዛኛው ከአሮጌ መስመሮች እየፈሰሰ ይባክን ስለነበር ነው። የሚመረተውን ውኃና በቆጣሪ የሚነበበውን በየወሩ ያነጻጽሩ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መቀነሱን እስካላዩ ድረስ ጥገናው በሂደት ላይ ነው ብለው ይጻፉ።