ከቫልዲቪያ ወደ ባሪሎቼ መሻገር ስላልቻልን ምክራችሁን እንሻለን

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከዋሽንግተን ተነሥተን በደቡብ ቺሌ የምትገኘውን ቫልዲቪያን ከባለቤቴ ጋር እየጎበኘን ሳለ ጉዟችን ተስተጓጉሏል። በካርዴናል ሳሞሬ መተላለፊያ በኩል የአንዴስን ተራራ አቋርጠን ወደ አርጀንቲናዋ ባሪሎቼ ልንሻገር የነበረ ቢሆንም፣ እዚህ ሐምሌ ብርዱ የሚጠናበት ወር በመሆኑ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መንገድ በበረዶ ተዘግቷል፤ ቲኬቱን የሸጠልን የአውቶቡስ ድርጅትም «ነገ ተመለሱ» ከማለት በቀር የጠራ መልስ አልሰጠንም።

ከተማዋስ አላሰለቸችንም። በወንዙ ዳር ባለው ገበያ ነጋዴዎቹ ዓሣ እየበለቱ የሚጥሉትን ጭንቅላትና አንጀት ለመሻማት ግዙፍ የባሕር አንበሶች እስከ ድንኳኖቹ ጀርባ ድረስ ይጠጋሉ (ጠረናቸው ከሩቅ ይጣራል)። ከኒዬብላም በጀልባ ወደ ኮራል ተሻግረን የስፔናውያንን ምሽግ አይተናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በደረሰው፣ መጠኑ 9.5 በሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱ ሰምጦ የተፈጠረውን ረግረግ ግን ዝናቡ አላስጎበኘንም።

የሚያስጨንቀን ባለቤቴ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዝ መሆኗና የቺሌ ቪዛዋ ሊያበቃ መቃረቡ ነው። በዚህ ወቅት በዚያ መንገድ የተጓዛችሁ ካላችሁ፣ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይከፈታል ወይስ 850 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሳንቲያጎ ተመልሰን በአውሮፕላን ብንሻገር ይሻላል? ቪዛውን እዚሁ ቫልዲቪያ ሆኖ ማራዘም ይቻል እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚጠየቅም ብትገልጹልን ውለታችሁ ትልቅ ነው።