ካሜራ ከነሙሉ ዕቃው በፓኬጅ ሲሸጥ ያዋጣል ወይስ ብቻውን ልግዛ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመግዛቴ በፊት እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። ካኖን 2000ዲ ልገዛ ወስኜ ሳይ ሁለት ዓይነት አገኘሁ፣ አንዱ ካሜራው ከ18-55 ሌንሱ ጋር ብቻ ነው፣ ሌላው ያው ካሜራ "ሙሉ ፓኬጅ 4 ሌንስ" ተብሎ ከመጀመሪያው በሩብ ያህል ብቻ ጨምሮ ነው የሚሸጠው። ውስጡ ያለው ዝርዝር ማለቂያ የለውም፣ 18-55፣ 75-300፣ ዋይድ እና ቴሌ የሚሏቸው ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዙ ሁለት፣ የፊልተር ስብስብ፣ ፍላሽ፣ ትራይፖድ፣ 2 ባለ 32 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ቦርሳ፣ የሌንስ ማጽጃ ምናምን። ሁሉንም ለየብቻ ብገዛው በጣም እንደሚበልጥ ገምቻለሁ።

የምፈልገው ልጆቼን ቤት ውስጥም ውጪም ላነሳበት ነው፣ እህቴም ልታገባ ነው፣ ፎቶግራፈር ተቀጥሯል ግን የራሴንም ማንሳት እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ቪዲዮም። እስካሁን በስልክ ነው የማነሳው። ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ?

ብርሃን አሳዳጅ፦
እንኳን ከመግዛትሽ በፊት ጠየቅሽ። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፣ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ገልብጪውና ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን "ይሄ ለብቻው ቢሸጥ ገንዘብ አውጥቼ እገዛው ነበር ወይ?" ብለሽ መልሺ። አልገዛውም ያልሽው ሁሉ ዜሮ ነው፣ ሻጩ ስንት ነው ቢልሽም ዜሮ ነው። የቀሩትን ደምሪያቸው። ድምሩ ከዚያ ሩብ ጭማሪ ከበለጠ ፓኬጁ ያዋጣል፣ ካነሰ አያዋጣም። "ለየብቻ ቢገዛ ይሄን ያህል" የሚለውን ቁጥር ተይው፣ እሱን የጻፈው ሻጩ ራሱ ነው።

ሌንስ ወዳጅ፦
ብርሃን አሳዳጅ ያለው ልክ ነው ግን ጀማሪ ሰው የትኛው ዜሮ እንደሆነ ከየት ያውቃል፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ልንገርሽ።

"4 ሌንስ" ያሉት 2 ነው። ዋይድና ቴሌ የሚባሉት ለብቻቸው ፎቶ አያነሱም፣ 18-55ቱ ፊት ላይ ባለው 58 ሚሊሜትር ጥርስ ላይ የሚጠመዘዙ መስታወቶች ናቸው። ዋይዱን ስታስሪው ጥጎቹ ይደበዝዛሉ፣ አንዳንዴ ጥቁር ክብ ይመጣል፣ የነገሮች ጠርዝ ላይ ደግሞ ሐምራዊ መስመር ይታያል። ቴሌውም እንደዚያው ነው፣ ከማቅረቡ ይልቅ ማደብዘዙ ይብሳል። ፎቶውን ኋላ በኮምፒውተር ብትቆርጪው የተሻለ ይወጣልሻል፣ ሰንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) 24 ሜጋፒክስል ስለሆነ ለመቁረጥ በቂ ቦታ አለሽ።

75-300 (ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው፣ ሲበዛ ይበልጥ ያቀርባል) እውነተኛ ሌንስ ነው፣ ካኖን ራሱ የሚሠራው። ችግሩ ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ) የለውም። 2000ዲ ሰንሰሩ ትንሹ ዓይነት ስለሆነ ሌንሱን በ1.6 እናባዛዋለን፣ 300 ማለት እንደ 480 ያቀርባል ማለት ነው፣ ይሄን ያህል ሲያቀርብ የእጅሽን መንቀጥቀጥም አብሮ ያቀርበዋል። በእጅ ይዘሽ ጥርት ያለ ፎቶ ለማውጣት ሻተር ስፒድሽ (ፎቶው የሚነሳበት ፍጥነት) 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ መሆን አለበት፣ ሌንሱ ደግሞ 300 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ጠራራ ፀሐይ ላይ ይሠራል። አዳራሽ ውስጥ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 አድርገሽም አይበቃሽም። ረጅም ዙም ከፈለግሽ የዚሁ ካኖን 55-250 ስታቢላይዘር ያለው ኤስቲኤም የሚባለው አለ፣ እሱ በጥራትም በፎከስ ፍጥነትም በጣም ይሻላል፣ ያገለገለውን ብትገዢም 75-300ን አዲስ ከመግዛት እመርጥልሻለሁ።

ፍላሹ ላይ ጠንቀቅ በይ። እነዚህ ፓኬጅ ውስጥ የሚገቡት ብዙ ጊዜ የካሜራውን የራሱን ፍላሽ ብርሃን ሲያዩ አብረው የሚበሩ ናቸው። የካኖን ፍላሽ ግን ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ለመለኪያ አንዴ ቀድሞ ብልጭ ይላል፣ ያኛው ያን አይቶ ይበራና ዋናው ፎቶ ሲነሳ ጨለማ ነው። ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነም የካሜራውን የፍላሽ መሰኪያ እይው፣ መሃል ላይ አንድ ተለቅ ያለች ክብ የብረት ነጥብ መኖር አለባት። ካኖን በአንዳንድ የጀማሪ ሞዴሎቹ ላይ ያቺን ነጥብ አንስቷታል፣ 250ዲ ላይ ለምሳሌ የለችም፣ ያለሷ ርካሽ ፍላሽ ጭራሽ አይበራም።

ትራይፖዱን ሳላይ አልፈርድም፣ ግን ካሜራው ወደ 475 ግራም ነው፣ 75-300ም 480 ገደማ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ኪሎ ይጠጋሉ፣ ክብደቱም ወደ ፊት ያጋደለ ነው። የፕላስቲክ ትራይፖድ አንገት ይሄን አይችልም፣ ቀስ እያለ ይዘቀዘቃል።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ ትንሽ ልለይ። ሁሉንም ዜሮ ማለት ከበደኝ። ቦርሳ ያስፈልጋታል፣ ካርድ ያስፈልጋታል፣ ሰርግ ላይ ደግሞ ትርፍ ባትሪ ግዴታ ነው፣ የ2000ዲ ባትሪ ፋብሪካው በሚለው መሠረት በአንድ ቻርጅ ወደ 500 ፎቶ ነው፣ ስክሪኑን እያየሽ ካነሳሽ በጣም ያንሳል። እነዚህን ሦስት ነገሮች በማንኛውም መንገድ ትገዣቸዋለሽ፣ ስለዚህ ዋጋቸውን ደምረሽ ከጭማሪው ላይ ቀንሺ። በዚህ ሂሳብ ያዋጡ ፓኬጆች አይቻለሁ፣ በተለይ ካሜራ፣ ቦርሳና ካርድ ብቻ ያሉባቸው። ዝርዝሩ ሲያጥር እኔ በበኩሌ ይበልጥ አምነዋለሁ።

ልጆች ቤት ውስጥ ስላልሽ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ አይቆምም፣ ስታቢላይዘር የእጅሽን መንቀጥቀጥ እንጂ የልጁን ሩጫ አያቆምልሽም። የሚያስፈልግሽ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ብትይዢ 18-55 መጨረሻው ላይ ካለው 5.6 ጋር ስታነጻጽሪው ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የፓኬጁን ጭማሪ እዚህ ላይ አውይው።

ሌንስ ወዳጅ፦
የሁለት ልጆች አባት፣ በባትሪውና በካርዱ ተስማምቻለሁ። ስለ 50 ግን፣ 2000ዲ ላይ እንደ 80 ነው የሚሆነው፣ ክፍሏ ትልቅ ካልሆነ ልጁን ሙሉ ለማስገባት ጀርባዋ ግድግዳ ይነካል። ለፊት ፎቶ በጣም ያምራል፣ እዛ ላይ ክርክር የለኝም። ለቤት ውስጥ ግን 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የሚባለው ስስ ሌንስ ይሻላታል፣ እንደ 38 ስለሚሆን ክፍል ውስጥ ምቹ ነው። ብርሃኑ ከ50ው ያንሳል፣ እሱ እውነት ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እሺ እሱስ እንደ ክፍሉ ነው። ጀማሪዋ፣ ከመወሰንሽ በፊት የ18-55 ሌንስ ያለው ሰው ካለ ለአንድ ቀን ተዋሺ፣ ዙሙን 24 ላይ አድርገሽ ሳታንቀሳቅሺ አንድ ሰዓት አንሺ፣ ከዚያ 50 ላይ አድርገሽ እንዲሁ። የትኛው እንደሚመችሽ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ዝምተኛው፦
ሁላችሁም ዋናውን አልጠየቃችሁም። እህት፣ ፓኬጁ ውስጥ ያለው 18-55 የትኛው 18-55 ነው? ከ2000ዲ ጋር የሚመጣው ሁለት ዓይነት አለ፣ አንደኛው ስም ላይ "አይኤስ 2" ይላል (አይኤስ ስታቢላይዘር ማለት ነው)፣ ሌላኛው "3" ብቻ ይላል። 3 ከ2 ስለሚበልጥ አዲሱና የተሻለው ይመስላል፣ ግን ተቃራኒው ነው፣ "3" የሚለው ስታቢላይዘር የለውም፣ ርካሹ እሱ ነው። ሂጂና ሁለቱንም ዝርዝር በደንብ አንብቢ።

ጀማሪዋ፦
ዝምተኛው ተባረክ! አሁን ሄጄ አየሁት፣ ብቻውን የሚሸጠው "አይኤስ 2" ይላል፣ ፓኬጁ ግን "3" ነው የሚለው። እኔ እኮ ያው አንድ ካሜራ አንድ ሌንስ መስሎኝ ነበር የማነጻጽረው። ስለዚህ ፓኬጁ ከሌላው በሩብ ይወደዳል፣ ግን ዋናው ሌንሱ ከዚያኛው ያነሰ ነው ማለት ነው? ዋስትናውም "የሻጭ ዋስትና" ነው የሚለው፣ የብቻው ግን "የፋብሪካ" ይላል። ልዩነት አለው?

ብርሃን አሳዳጅ፦
አዎ ማለት ነው፣ ሩብ ጨምረሽ ያነሰ ሌንስ ነው የምትገዢው።

ዋስትናው ደግሞ በጣም ልዩነት አለው። የፋብሪካ ከሆነ ካሜራው ሲበላሽ የካኖን ሰርቪስ ይቀበልሻል፣ ወረቀቱ የሚሠራበትን አገር ግን አንብቢ። የሻጭ ከሆነ ጉዳይሽ ከሻጩ ጋር ብቻ ነው፣ ሻጩ ቢጠፋ ወይ ቢዘጋ ወረቀቱ ወረቀት ነው። እነዚህ ረጅም ዝርዝር ያላቸው ፓኬጆች ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ሻጩ ዘንድ ነው፣ ካርቶኑ ተከፍቶ ሌንሱ ተቀይሮ ሌላ ዕቃ ተጨምሮበት። ሁሉም ያጭበረብራል ማለቴ አይደለም፣ ግን ካርቶኑ አንዴ ከተከፈተ ውስጡ የነበረው ቻርጀርና ባትሪ ኦሪጅናሉ መሆኑን የምታውቂበት መንገድ ያንቺ ዓይን ብቻ ነው።

ዝምተኛው፦
ካርዱንም አትመኑት። "32 ጊጋ" ተብሎ የሚጻፍበት ግን ውስጡ 4 ወይ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ አለ፣ ካሜራው ሲያይ 32 ይላል፣ ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ ቀጥሎ የምታነሺው ሁሉ ይበላሻል፣ ያንን የምታውቂው ደግሞ ከሰርጉ በኋላ ቤት ገብተሽ ስትከፍቺው ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ አለ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ኤፍ3፣ ካርዱን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ከየትም ብትገዢ ሰርግ ላይ ከመውሰድሽ በፊት እሱን አስኪጂ።

ድምፅና ምስል፦
ቪዲዮ ያለችውን ማንም አልነካላትም። 2000ዲ የማይክ መሰኪያ የለውም፣ ፓኬጁ ውስጥ ማይክ ቢጨምሩልሽም የምትሰኪበት የለም። 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ቪዲዮ) የለውም፣ ቪዲዮ ሲቀርጽም ፎከሱ ቀርፋፋ ነው፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል፣ የሚሮጥ ልጅ ከሆነማ አይደርስበትም። ቪዲዮ ለአንቺ ዋና ነገር ከሆነ ፓኬጁንም የብቻውንም ተይና ሌላ ሞዴል እይ፣ 250ዲ ለምሳሌ የማይክ መሰኪያም፣ የሚገለበጥ ስክሪንም፣ ፈጣን የቪዲዮ ፎከስም አለው። ቪዲዮ አንዳንዴ ብቻ ከሆነ ስልክሽ ይበቃሻል፣ ከልቤ ነው የምልሽ፣ የዛሬ ስልክ ቪዲዮ ከ2000ዲ ቢሻል እንጂ አያንስም።

ጀማሪዋ፦
ቪዲዮውን በስልክ እቀጥላለሁ፣ ለእኔ ዋናው ፎቶው ነው። እንግዲህ የብቻውን ከ"አይኤስ 2" ጋር ልወስድ ነው፣ የተረፈው ላይ ትንሽ ጨምሬ 24 ኤፍ 2.8 ያገለገለ እፈልጋለሁ፣ ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ 50ውን ተውኩት። ካርድ፣ ትርፍ ባትሪና ቦርሳ ለየብቻ። ካሜራውን ስረከብ ምን ምን ልይ?

ሌንስ ወዳጅ፦
ጥሩ ወስነሻል። ስትረከቢ ካሜራው ሆድ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ የዋስትናው ወረቀት ላይም ያንኑ ቁጥር ያስገቡልሽ። ሌንሱ ጎን ላይ 2 ማብሪያ ማጥፊያ መኖር አለበት፣ አንዱ የፎከስ ሌላው የስታቢላይዘር፣ ሁለተኛው ከሌለ ያ "3" የሚባለውን ነው የሰጡሽ። ባትሪውና ቻርጀሩ ላይ የካኖን ስም መኖሩን፣ ከዚያ ሌንሱን 55 ላይ አድርገሽ ኤፍ 16 አካባቢ ነጭ ግድግዳ አንሺና ስክሪኑ ላይ አሳድገሽ እይው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሰንሰሩ ላይ አቧራ ነው፣ አዲስ ካሜራ ላይ ብዙ መሆን የለበትም።

ያገለገለውን 24 ስትገዢ የራስሽን ካሜራ ይዘሽ ሂጂ። ሌንሱን በመብራት ፊት ለፊት አሳልፈሽ ውስጡን እይ፣ ጉም የመሰለ ወይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋ ቢቀንሱልሽም አትውሰጂው። ከዚያ ሰክተሽ ከቅርብም ከሩቅም አስር አስራ አምስት ፎቶ አንሺ፣ ፎከሱ የሚይዘው የፈለግሽው ቦታ ላይ መሆኑን እዛው አሳድገሽ አረጋግጪ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ሰርጉ ሳይደርስ ልጆቹ ላይ ተለማመጂ። መደወያውን ቲቪ (Tv፣ የሻተር ፍጥነቱን ራስሽ የምትመርጪበት) ላይ አድርጊና ሻተሩን 1/250 አስይዢው፣ አይኤስኦውን አውቶ ተይው። ፎቶው ትንሽ ሸካራ ቢሆን አይጨንቅሽ፣ ሸካራ ፎቶ ይታያል፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይስተካከልም። ያነሳሽውን እዚህ ላኪልን፣ የጎደለውን አብረን እናያለን።