የወተት አቅራቢዎች የቴሌብርና የባንክ ቁጥር ክፍያ ከመላኩ በፊት እንዴት ይፈተሻል?

ገንዘብ ያዧ (ሱሉልታ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ላይ የአንድ ወተት ማኅበር ሒሳብ እሠራለሁ። በየ15 ቀኑ ወደ 140 ለሚሆኑ አቅራቢዎች እንከፍላለን፤ ግማሹ በቴሌብር፣ ቀሪው በንግድ ባንክና በሌሎች ባንኮች። ቁጥሮቹ መጀመሪያ የወተት መረከቢያው መዝገብ ላይ በእጅ ይጻፋሉ፣ ከዚያ ወደ ኤክሴል ይገለበጣሉ፣ በመጨረሻ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሆነው የጅምላ መክፈያው ላይ ይጫናሉ። ባለፈው ዙር 9 መስመር «የተሳሳተ ቁጥር» ተብሎ ተመለሰ። አንዱ ግን ተሳስቶም አልፎ የማናውቀው ሰው ጋ ገባ። የተመለሰው ብዙም አያስጨንቀኝም፣ ያለፈው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ፋይሉን ከመጫኔ በፊት ምን ምን ልፈትሽ? ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፣ ኤክሴል ግን እሠራለሁ።

ቁጥር አጣሪ፦

በስልኩ እንጀምር። የኢትዮጵያ ሞባይል ከዜሮው ጋር 10 አሃዝ ነው። በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ነው። በ251 ሲጻፍ ዜሮው ይወድቅና 12 አሃዝ ይሆናል፦ 251፣ ቀጥሎ 9 ወይም 7፣ ቀጥሎ 8 አሃዝ።

እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ዜሮውን ሳይጥሉ 2510 ብሎ መጀመር ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩ 13 አሃዝ ይሆናል። የንግድ ባንክ የተለመደው ሒሳብ ቁጥርም 13 አሃዝ ነው! አሃዝ ብቻ የሚቆጥር ፎርሙላ ስልኩን ሒሳብ ቁጥር መስሎት ያሳልፈዋል። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው፤ የንግድ ባንኩ በ1000 ይጀምራል።

እንደዚሁ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ መደበኛ ስልክ፣ ሱሉልታን ጨምሮ፣ በ011 ይጀምርና እሱም 10 አሃዝ ነው። በርዝመት ያልፋል፣ ገንዘብ ግን አይቀበልም። ስለዚህ ርዝመትና መነሻ ሁልጊዜ አብረው ይፈተሹ።

ለሌሎቹ ባንኮች አንድ ወጥ ደንብ አይፈልጉ፤ የእያንዳንዳቸው ርዝመት የተለያየ ነው። የባንኩን ስም የሚይዝ አንድ አምድ ይጨምሩ፣ ከዚያ ከአባላቱ ደብተር ላይ በየባንኩ ያለውን የአሃዝ ብዛት አይተው በሌላ ገጽ ትንሽ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። የባንኩ አምድ ባዶ የሆነ መስመር ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር አይከፈል።

ኤክሴል ላይ የኖረ፦

ከ9ኙ ውስጥ አብዛኞቹን ያበላሸው ራሱ ኤክሴል እንደሆነ እገምታለሁ። ሦስት ቦታ ላይ ያበላሻል።

አንደኛ፣ ሴሉ ቁጥር ተብሎ ከተያዘ የፊቱን ዜሮ ይጥላል። 09 ብለው የጀመሩት ስልክ 9 አሃዝ ሆኖ ይቀራል። ይህ ይድናል፤ 9 አሃዝ ሆኖ በ9 ወይም በ7 የሚጀምር ከሆነ ፊቱ ላይ ዜሮ መመለስ ነው። በዜሮ የሚጀምር የባንክ ሒሳብ ላይ ግን ስንት ዜሮ እንደወደቀ በግምት አይታወቅም፣ ደብተሩን ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ 12 አሃዝና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ሴሉ «ጄነራል» ሆኖ ከተተወ በአጭሩ፣ 1.00012E+12 ተደርጎ ይታያል። እስከ 15 አሃዝ ከሆነ ውስጡ ገና ሙሉ ነው፤ ሲኤስቪ አድርገው ሴቭ ሲያደርጉ ግን ፋይሉ ላይ የሚጻፈው በዓይን የሚታየው ነው። የቀሩት አሃዞች እዚያው ይጠፋሉ። ከጠፉ በኋላ የሚመልሳቸው ፎርሙላ የለም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ሲኤስቪው በትክክል ከወጣ በኋላ «እስኪ ልየው» ብለው በኤክሴል ከፍተው እንደገና ሴቭ ካደረጉት፣ የጽሑፍ ፎርማቱ ስለማይቀመጥ ዜሮው እንደገና ይወድቃል። ሲኤስቪ የሚታየው በኖትፓድ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድም ቁጥር ሳይገባ በፊት አምዱን በሙሉ መርጠው ፎርማቱን «ቴክስት» ያድርጉት። ከገባ በኋላ መቀየር የወደቀውን ዜሮ አይመልስም። ኤክሴል አረንጓዴ ትሪያንግል አሳይቶ «ወደ ቁጥር ልቀይረው?» ሲል እሺ እንዳይሉት።

ቁጥር አጣሪ፦

ከላይ ላለው አንድ ጭማሪ አለኝ። የማይታዩ ፊደላትም አሉ። ከቴሌግራም ወይም ከስልክ አድራሻ መዝገብ ኮፒ የተደረገ ቁጥር የጽሑፍ አቅጣጫ የሚያመለክት ስውር ምልክት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከድረ ገጽ የመጣ ደግሞ የማይሰበር ክፍተት ይይዛል፤ መለያ ኮዱ 160 ነው፣ ትርፍ ክፍተት የሚያጠፋው «ትሪም» የሚለው ፎርሙላ አያነሳውም። በዓይን 10 አሃዝ ይታያል፣ ርዝመት የሚቆጥረው ፎርሙላ «ሌን» ግን 11 ወይም 12 ይላል። ኮድ 160ን «ሰብስቲትዩት» በሚለው ፎርሙላ በባዶ ይተኩት፤ ነጠላ ሰረዝን፣ ነጥብን፣ የመደመር ምልክትንና ተራ ክፍተትንም እንደዚያው። ከዚያ በኋላም «ሌን» ካልገጠመ ጊዜ አያባክኑ፣ ቁጥሩን ከመዝገቡ አይተው በእጅ ይተይቡት።

ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ አሃዝ ያልሆነ ነገር መኖሩን ማየት፣ ቀጥሎ ርዝመት፣ ቀጥሎ መነሻ። በላቲን ፊደል ኦ እና በዜሮ፣ በትንሿ ኤል እና በ1 መካከል ያለው መምታታት የሚያዘው ሁለተኛው ላይ ነው።

በመዝገቡ ላይ በግዕዝ ቁጥር የጻፈ ሽማግሌ ካለ ምልክት በምልክት አይተኩት። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ፲ ብቻውን 10 ነው፣ ፳ ብቻውን 20 ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን እንዲያነብልዎት ያድርጉ።

የድሮ ኦዲተር፦

እህቴ፣ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የሚፈትሸው የቁጥሩን ቅርጽ ነው፣ ባለቤቱን አይደለም። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ያኛው ክፍያ እኮ ቅርጹ ፍጹም ትክክል ነበረ፤ ስለዚህ ነው ያለፈው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የባንክ ካርድ ቁጥር የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነው፤ ከቀደሙት አሃዞች ተሰልቶ የሚወጣ ስለሆነ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሒሳቡ አይገጥምም። ስልክ ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር የለውም። 4ን 9 ብለሽ ብትጽፊ ያው ሕጋዊ ስልክ ነው፣ የሌላ ሰው ስልክ። የባንክ ሒሳብ ላይም ቢሆን ባንኩ ስሌቱን ካልነገረሽ አንቺ ልትፈትሺበት አትችዪም። ስለዚህ ለዚህኛው ስህተት የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱንም አድርጊ።

አንደኛው ድርብ ምዝገባ ነው። ቁጥሩን አንቺ በአንድ አምድ ትጽፊያለሽ፣ ሌላ ሰው የአንቺን አምድ ሳያይ ከመዝገቡ በሌላ አምድ ይጽፋል፣ «ኤግዛክት» የሚለው ፎርሙላ ያስተያያል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጽፈው አይበቃም፤ ሲጽፍ 1ን 7 ብሎ ያነበበ ዓይን ሁለተኛም 7 ነው የሚያነበው። በእጅ ጽሑፍ 1 እና 7፣ 0 እና 6፣ 4 እና 9 ላይ ሁልጊዜ ተጠንቀቂ።

ሁለተኛው ስም ነው። አዲስ ወይም የተቀየረ ቁጥር ሲመጣ በጅምላ ፋይል ከመግባቱ በፊት ለብቻው በመተግበሪያው ላይ አስገቢው። የንግድ ባንክ መተግበሪያ ሒሳብ ቁጥሩ ሲገባ የባለሒሳቡን ስም ያሳያል፤ ቴሌብርም ፒን ከመጫንሽ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። ስሙን ከአባልነት መዝገቡ ጋር እስከ አያት አስተያዪ። በስምና በአባት ስም ብቻ የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀበሌ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም።

ኤክሴል ላይ የኖረ፦

የስም ማስተያየቱን በፎርሙላ ለማድረግ ካሰቡ፣ አማርኛ ላይ አንድ ችግር አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለኤክሴል ሦስት። አስቀድመው ሐ፣ ኀ እና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይሩ፤ የየፊደሉን እርባታዎችም ጭምር። ባንኩ የሚያሳየው በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ከሆነ ፎርሙላውን ይተዉት፣ በዓይን ይሻላል። 140 ስም አንዴ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው የተቀየረው ብቻ ነው።

አንድ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተደገመ የሚቆጥረውን «ካውንትኢፍ»ን ደግሞ አይርሱ። አንድ ቁጥር ሁለት አባላት ላይ ከተደገመ ወይ ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ይቀበላሉ፣ ወይ ሲገለበጥ መስመር ተንሸራቷል። መስመር መንሸራተት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ገንዘብ ይቀበላል፣ ቅርጹም ስለሚያልፍ ማንም አያይም። በስም ብቻ ሶርት አድርገው የቁጥሩን አምድ ሳይመርጡ ከቀሩ የሚሆነው ይኸው ነው።

ገንዘብ ያዧ (ሱሉልታ)፦

እግዜር ይስጥልኝ። 9ኙን አሁን አየኋቸው፤ 6ቱ ዜሮ የጎደላቸው ናቸው፣ 2ቱ 2510፣ አንዱ 011። ያለፈው ግን 4 እና 9 ነው፣ መዝገቡ ላይ 4 ነው። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ የወተት መረከቢያ ልጆቹ የአባሉን ቁጥር ተሳስተው የአንዱን ሊትር ለሌላው ይጽፋሉ። ያ የካርዱ ማረጋገጫ አሃዝ ለእኛ የአባል ቁጥር ይሠራል?

የድሮ ኦዲተር፦

በደንብ ይሠራል። ሉን የሚባለው ስሌት ነው፣ በወረቀትም ይሠራል። የአባሉ ቁጥር 0317 ይሁን። ከቀኝ ጀምረሽ አንዱን በ2 አባዢ፣ አንዱን ተዪ፦ 7 ሲባዛ 14፣ ሁለት አሃዝ ስለሆነ 1 እና 4 ተደምሮ 5፤ 1 እንዳለ፤ 3 ሲባዛ 6፤ 0 እንዳለ። ድምሩ 12። ወደ ሚቀጥለው የ10 ብዜት፣ ወደ 20 ለመድረስ 8 ይጎድላል። ኮዱ 03178 ይሆናል። ልጁ 1 እና 7ን አቀያይሮ 03718 ቢጽፍ ስሌቱ 5 ስለሚጠይቅ 8ን ውድቅ ያደርጋል።

አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሁልጊዜ ይይዛል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ከተቀያየሩ፣ 09 እና 90 ካልሆኑ በቀር፣ ይይዛል። ስለዚህ የአባል ቁጥር ስትሰጪ 09 ወይም 90 ያለበትን ዝለይው። ማረጋገጫው አሃዝ ራሱ ጎረቤቱ ጋር ሲሆንም ይኸው ነው፤ 9 ላይ የሚያልቅ ሆኖ ማረጋገጫው 0 የሚወጣውን፣ 0 ላይ የሚያልቅ ሆኖ 9 የሚወጣውንም ዝለይ። ኮዱን ካርዳቸው ላይ በትልቁ አትሚው፣ 140ውን ባንድ ቀን ኤክሴል ያወጣልሻል።

ቁጥር አጣሪ፦

የስልክ ወይም የሒሳብ ቁጥሬ ተቀይሯል የሚል አባል ሲመጣ ደግሞ ለውጡን በስልክ አይቀበሉ። በአካል መጥቶ ካርዱን ያሳይ፣ ቁጥሩን ራሱ ይጻፍ፣ ይፈርም፤ አሮጌው ቁጥር ሳይሰረዝ ከነቀኑ በጎን አምድ ይቆይ። በአዲሱ ቁጥር የመጀመሪያው ክፍያ ለብቻው ይላክ፣ ደረሰኝ እስኪያሳይ በጅምላው ፋይል አይግባ።