ኪው እጄ ላይ ስትቀር፣ ዩ ደግሞ ስትጠፋ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦
ከልጄ ጋር ማታ ማታ በእንግሊዝኛ ስክራብል እንጫወታለን፤ ነጥብ ያላቸውን የፊደል ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። እሷ ቋንቋዋን እንድታዳብር ብዬ የጀመርኩት ነው፤ አሁን ግን እኔም ከልቤ እጫወታለሁ። የምታስቸግረኝ ኪው የምትባለው ፊደል ናት። ዩ ካልተከተለቻት ምንም ቃል የሚሠራባት ስለማይመስለኝ እስከ መጨረሻው ታቅፌያት እቀመጣለሁ። ትናንት ልጄ ጠጠሮቿን ጨርሳ ስታበቃ እኔ 8 ነጥብ እበልጣት ነበር። እጄ ላይ ግን ኪው እና አይ ቀርተውብኛል። የሁለቱ 11 ነጥብ ከእኔ ተቀንሶ ለእሷ ሲደመር 14 በልጣኝ ወጣች።

ኪው ያለ ዩ የምትገባባቸው አጫጭር ቃላት ካሉ ከነትርጉማቸው ንገሩኝ። ትርጉሙን አደራ፤ ልጄ «ምን ማለት ነው?» ሳትል ቃል አታሳልፍም። እኔም የማላውቀውን ቃል ሰሌዳ ላይ ማኖር አልወድም።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ትናንት እጅዎ ላይ የቀሩት ሁለቱ ጠጠሮች ራሳቸው ቃል ናቸው! ኪው-አይ «ቺ» ተብሎ ይነበባል። ቻይናውያን በሰውነትና በተፈጥሮ ሁሉ ውስጥ ይመላለሳል የሚሉት የሕይወት ኃይል፣ እስትንፋስ ማለት ነው። ቀድሞ ሲ-ኤች-አይ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ቻይና በ1958 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የላቲን አጻጻፍ ያንን ድምፅ በኪው ስለሚጽፍ ይኸኛውም ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የአሜሪካ ስክራብል ተጫዋቾች መዝገበ ቃላት ያስገባው በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ስለሆነ ከዚያ በፊት የታተመ ቅጂ ላይ ቢያጡት አይደናገጡ። ሰሌዳው ላይ በግራዋ ባዶ ቤት ያላት አንዲት አይ ብትኖር ኪውን ብቻ ከጎኗ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር።

መልስ 2፦
እኛ ቤት አይ-ኪው ብለን እንሠራለን፤ የአእምሮ ብቃት መለኪያው ማለት ነው። ማንም ተከራክሮን አያውቅም።

መልስ 3፦
ወንድሜ፣ አይ-ኪው ምህጻረ ቃል ነው፤ በትልልቅ ፊደላት የሚጻፍ ምህጻረ ቃል በደንቡ አይፈቀድም። ለጠያቂዋ ልጅ ባይደርስ ይሻላል።

እህቴ፣ ኪው ያለ ዩ የምትገባባቸው ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ ይቀልላሉ። ድሮ እንግሊዞች የዛሬውን ኪው-ዩ በሲ እና በደብልዩ ይጽፉት ነበር። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ከያዙ በኋላ ጸሐፊዎች የፈረንሳይኛውን ልማድ ተከትለው ኪውን ከዩ ጋር አቆራኟት። ስለዚህ ኪው ብቻዋን ስትቆም ካዩ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቋንቋ የመጣ እንግዳ ነው። ብዙዎቹ የመጡት ከዓረብኛ ሲሆን ኪው እዚያ ውስጥ የእኛን «ቀ» ተክታ የምትገባ ናት።

ኤስ-ዩ-ኪውን ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ሱቅ! በዓረብኛ ገበያ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛውም በዚሁ ትርጉም ወሰደው። ዩ እዚህም አለች፣ ግን ከኪው ቀድማ ነው የቆመችው። ኪው-ኤ-ቲ ጫት ነው፤ በኬ ተጀምሮም ይጻፋል። ኪው-ኤ-ዲ-አይ በሸሪዓ የሚፈርደው ቃዲ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ቢያቀያይሩ ኪው-ኤ-አይ-ዲ ይሆናል፤ እሱም በሰሜን አፍሪካ የአካባቢ ሹም ወይም አለቃ። አራቱ ጠጠሮች እጅዎ ከገቡ እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለዎት። ረዘም ካለ ደግሞ ቲ-ኤ-ኤል-ኤ-ኪው በእስልምና ሕግ ፍቺ ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ኪው-ኦ-ፒ-ኤች ነው። የዕብራይስጥ ፊደል ስም፣ ቆፍ። በግእዝ ቀ ቃፍ መባሉን ያስታውሱ። ኪውና ቀ ከአንድ ጥንታዊ ፊደል የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ በፊንቃውያን በኩል ወደ ላቲን፣ ሌላው በደቡብ ዓረቢያ በኩል ወደ ግእዝ ደረሰ። ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ለልጅዎ ያሳዩአት። ሁለቱም ክብ ናቸው፤ አንዷ ጭራ፣ አንዷ እግር አላት። ይህንን ያየ ልጅ ኪው ያለ ዩ ብትመጣ አይገረምም።

መልስ 4፦
ከቃላቱ ጎን ጨዋታውንም ላንሳ። ኪው 10 ነጥብ ናት፣ ያለችውም አንዲት ብቻ ናት፤ ዩ ግን አራት አለች። ጠጠር የሚወጣበት ከረጢት ውስጥ ቢያንስ ሰባት ጠጠር እስካለ ድረስ ተራዎን ሰጥተው ኪውን በሌላ ጠጠር መለወጥ ይችላሉ፤ ከዚያ በታች ከወረደ አይቻልም። ስለዚህ ቆርጠው መወሰን ያለብዎት ቀደም ብለው ነው።

ኪው ግን ሁልጊዜ ሸክም አይደለችም። የፊደሉን ነጥብ በሦስት የሚያበዛው የሰሌዳው ቤት ላይ አስቀምጠዋት በቀኟም ከታቿም አይ ቢኖር፣ ኪው-አይ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይነበባል፤ 31 እና 31፣ በድምሩ 62 ነጥብ ነው።

ለኤክስም ባለ ሁለት ፊደል ቃላት አሉ፦ ኦ-ኤክስ በሬ፣ ኤ-ኤክስ መጥረቢያ፣ ኤክስ-አይ የግሪክ ፊደል፣ ኤክስ-ዩ የድሮ የቬትናም ሳንቲም። ጄ-ኦ በስኮትላንድ ፍቅረኛ ማለት ነው። ዜድ-ኤ ከፒዛ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ለእኔ ጆሮ ባይጥመኝም ይፈቀዳል። ሳትጀምሩ በየትኛው መዝገበ ቃላት እንደምትዳኙ ተስማሙ፤ የአሜሪካውና የእንግሊዙ በብዙ ቃል ይለያያሉ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ቀ»ን እና ኪውን ጎን ለጎን ጻፍኩላት፤ በጣቷ ክባቸውን ዞረችና «እህትማማች ናቸው» አለችኝ። ዛሬ ኪው የደረሰችው ለእሷ ነው። ሱቅን ሠርታ 12 ነጥብ ወሰደች፤ ትርጉሙንም እኔ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።