ቡቺ የሚሰማኝ ሲያሰኘው ብቻ ነው፤ ምን ላድርግ?

የቡቺ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ። ዳክስሁንድ ውሻ አለን። ያው እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣ ልጆቹ ሆትዶግ የሚሉት ዓይነት። 9 ወሩ ነው። ልጆቹ የፈረንጅ ስም ሊያወጡለት ሲከራከሩ ባለቤቴ «ውሻ ከሆነ ቡቺ ነው» ብሎ ገላገለን።

ብልጥ ነው፣ ግን አይታዘዝም። ሥጋ ከያዝኩ አፌን ሳልከፍት ቁጭ ይላል። ባዶ እጄን ስጠራው ዞር ብሎ ያየኝና ወደሚያሸተው ነገር ይመለሳል። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውጭ አውጥቼው ሣሩን ሁሉ ሲያሸት ይቆይና ምንም ሳያደርግ እንመለሳለን። ቤት ስንገባ ምንጣፉ ላይ ይሸናል! ዝናብ ካለማ ከበሩ ንቅንቅ አይልም።

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። መጀመሪያ «ውሻ ምን ሲደረግ ሶፋ ላይ!» ትል ነበር። አሁን ማዕድ ሲቀርብ እግሯ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ እኛ ሳናይ ታጎርሰዋለች። ጓዳም ሳሎንም ይከተላታል። እኔ ምንጣፍ በበረኪና ሳጥብ እውላለሁ። ባለቤቴ «ለሌላ ሰው እንስጠው» ማለት ጀምሯል። ትንሽ ውሻ ያሠለጠናችሁ እስቲ ምከሩኝ።

አቤ

ይሄ ሁሉ ለውሻ? አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አስነክተሽ በጋዜጣ ቸብ ማድረግ ነው። እኛ ስናድግ ማን ውሻ አሠልጥኖ ያውቃል?

ክሊኒክ ነኝ (ሲያትል)

አቤ ወንድሜ፣ እኛ ስናድግ ውሻው የሚያድረው ግቢ ነበር፤ ምንጣፍ ላይ የመሽናት ዕድሉንም አላገኘም። ከደቂቃዎች በኋላ ሲመታ ለምን እንደተመታ አይገባውም። የሚማረው ሰው ፊት አለመሽናትን ነው። ከዚያ ከሶፋው ጀርባ ተደብቆ ይሸናል።

እህቴ፣ የምሠራው እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ዳክስሁንድ በየጊዜው ይመጣልናል። መጀመሪያ ሽንቱን አስመርምሪ። ኢንፌክሽን ካለበት ሥልጠና ዋጋ የለውም። ካልተኮላሸም ምልክት ለማድረግ ሊሸና ስለሚችል ሐኪሙን አማክሪ።

ግትርነቱን በተመለከተ፣ ጀርመኖች ይህን ዝርያ ያረቡት ጉድጓድ ገብቶ ባጀር የሚባለውን አውሬ እንዲያድን ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጌታው የለም፤ ራሱ ይወስናል። አፍንጫው ሥራ ከያዘ ጆሮው የሚዘጋው ለዚህ ነው። ንቀት አይደለም።

አሁን ወደ ሽንቱ። ስታወጪው በገመድ ይዘሽ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ውሰጂውና ዝም ብለሽ ቁሚ። አትራመጂ። ሲሸና እዚያው በዚያች ቅጽበት የሽምብራ ፍሬ የምታህል የዶሮ ሥጋ ስጪው፣ ከዚያ ሽርሽሩ ይጀመር። ብዙ ሰው ውሻው እንደሸና ወዲያው ወደ ቤት ይመልሰዋል። ውሻውም ሽንት ማለት የሽርሽር ማብቂያ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ይቋጥራል። ካልሸና ቤት ገብታችሁ ክሬቱ (የውሻ ማደሪያ ሣጥኑ) ውስጥ ወይም ጭንሽ ላይ ሩብ ሰዓት ይቆይና እንደገና ውጡ። ምንጣፍ ላይ አይለቀቅ።

በረኪናውን ተዪው። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ለሳንባ የማይሆን ጋዝ ያወጣል። ኢንዛይም ያለው የቤት እንስሳት ሽንት ማጽጃ ግዢ። ሽታው ካልጠፋለት ያንኑ ቦታ መጸዳጃው ያደርገዋል።

የእናትሽ ጉርሻ ግን ከምንጣፉ ይብሳል። ቀይም ይሁን ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ስለበሰለም መርዝነቱ አይጠፋም። የኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በዚያ ላይ ውፍረት ለዚህ ዝርያ ጠላት ነው፤ የጀርባ ዲስኩ በቀላሉ ይጎዳል። ስታነሺው አንድ እጅሽ ደረቱን፣ ሌላው ቂጡን ይደግፍ። ስታወጪው አንገቱን ከምትጎትቺ ደረቱ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ይሻላል።

ሜሪ ነኝ (አዲስ አበባ)

የኔም ትንሽዬ ፑድል ቅልቅል ናት፣ ክረምት ሲመጣ አልወጣም ትላለች። ጃንጥላ ይዤላት ነው የምቆመው። ጎረቤት ይስቃል፣ ይሳቅ።

እኔ የምለው፣ እማዬን አትከልክያት። አክስቴን ስንከለክላት ተደብቃ ታበላት ነበር። እንደውም አሠልጣኟ እማዬ ትሁን! ቡቺ የሚሰማው ምግብ የያዘውን ሰው ነው፤ በቤታችሁ ደግሞ እሷ ናት። ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ አጥንት የሌለው ዶሮ በትንሽ ዕቃ ስጫት። ቁጭ ካለ ትስጠው፣ ከዘለለ ወይም ከጮኸ ፊቷን ታዙር። ከዕለት ምግቡ ላይ ይቀነስ ታዲያ። ማዕድ ሲቀርብ ግን ማንም ምንም አይሰጠውም፣ ልጆቹም ጭምር።

የቡቺ እናት

ኧረ ተባረኩ! የሽንኩርቱን ነገር ስነግራት እማዬ ደነገጠች። ከዚያ «በስተርጅና የውሻ አስተማሪ ልሁን?» ብላ ሳቀች፣ ግን ዶሮው ተቀቅሏል። ሽንቱን ለማስመርመርም ቀጠሮ ይዣለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቡና ሲፈላና እንግዳ ሲመጣ በጩኸት ቤቱን ያናውጠዋል። ለዚህስ?

ክሊኒክ ነኝ (ሲያትል)

እንግዳ ሳይኖር ተለማመዱ። አንዱ ልጅ ከውጭ በሩን ያንኳኳ፣ እናትሽ ወደ ራሷ ትጥራውና ዝም ባለበት ቅጽበት ትስጠው። እሱ ሲጮህ እናንተም ከጮኻችሁ አብራችሁት የምትጮሁ ይመስለዋል። ስኒውንም ወለል ላይ አትተዉት፤ ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፣ አተላውም ጭምር።